የእህቴ ረጅም ሱጁድ

ባለፈው ሰኞ ልጄን ሳል ሲያጣድፈው አደረና ጠዋት ፋርማሲ ወሰድኩት። መድኃኒት ሻጯ መጠኑን ልታሳየኝ የሽሮፑን ክዳን ከፈተችው። የእንጆሪ ከረሜላ የሚመስል፣ ከሥሩ ግን የሚመር ነገር ያለበት ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ሴትየዋ ስለ ማንኪያው ታስረዳኛለች፤ እኔ አንድም ቃል አልሰማሁም። ኦልድ ካምፓላ ባለው ቤታችን፣ ከእህቴ ጋር በምንጋራው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

እህቴ ሃያት ያን ጊዜ አስራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቴና እናቴ ከኮምቦልቻ ወደ ኡጋንዳ ሲመጡ እሷን በእቅፋቸው ይዘው ነው የመጡት፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ቴርሞስ፣ ሳህንና አንሶላ የምንሸጥባት ሱቅ ነበረችን። ወላጆቼ ቀኑን ሙሉ እዚያ ናቸው። ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ የትምህርት ቤቱን የበቆሎ ገንፎ፣ ፖሾውን፣ ሳልበላ ስቀር መንገድ ላይ በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ሮሌክስ፣ የምትገዛልኝ፣ ማታ የምታስጠናኝ ሃያት ናት። ለቤተሰቡ ሁሉ ደግሞ አፍ ነበረች። አባቴ እንግሊዝኛም ሉጋንዳም እንቢ ብሎት ነበር። አከራዩ ሲመጣ፣ ከማዘጋጃ ቤት የተላከ ሰው ሱቁ በር ላይ ሲቆም፣ እናቴ ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ "ሃያትን ጥሯት" ይባላል። አከራዩ አባቴን ሲሰድበው ስድቡን ወደ አማርኛ የምትመልሰው እሷ ነበረች። የአባቴን ቁጣም አለስልሳ ለአከራዩ ትነግረዋለች። እኔ ይህን ሳይ ቅናት ይይዘኝ ነበር። እኔም ትልቅ ሆኜ በሰዎች መካከል ቆሜ እንደዚያ ባወራ ብዬ።

ያ ዓመት ዝናብ የበዛበት ዓመት ነበር። ሃያትን ሳል ያዛትና እናቴ ያንን ሽሮፕ ገዛችላት። ሳሉ በሳምንቱ ለቀቃት። ሽሮፑ ግን አልቀረም።

ይህን ነገር የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነው። መድኃኒት የሚጠጣ ሰው ታማሚ ነው። ሃያት በየቀኑ ትጠጣለች። ስለዚህ በጣም ታማለች፤ ስትስል የማንሰማት እኛን እንዳታስጨንቅ ሳሏን ዋጥ እያደረገችው ነው።

"ሴሚዬ፣ ደረቴን ጨነቀኝ። ሩጪና አምጪልኝ" ትለኛለች። "ለእማ ግን እንዳትነግሪ፣ ትጨነቃለች።"

እሮጥ ነበር። ከቤታችን በታች ያለው የመድኃኒት ቤት ሰውዬ ከባንኮኒው በላይ ጣቴን ብቻ አይቶ ነው የሚሸጥልኝ። ማነው የታመመው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ጠርሙሱን በቀሚሴ ሥር ደብቄ ደረጃውን ስወጣ ነርስ የሆንኩ ያህል ደረቴን እነፋ ነበር።

ሃያት እየተለወጠች ሄደች። ምሳ አትበላም። አፍንጫዋንና ክንዷን ታካለች፤ እኔ ትንኝ ነው ብዬ በመጽሔት አባርርላታለሁ። አንድ ነገር ስጠይቃት መልሱ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ይዘገያል። ከሁሉ በላይ ግን ሰላቷ ረዘመ። ግንባሯን መስገጃው ላይ ከደፋች አትነሳም። እኔ ሰግጄ፣ መስገጃዬን አጥፌ፣ የቤት ሥራዬን ጀምሬ እሷ ገና ሱጁድ ላይ ናት። አንድ ቀን አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አያትና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አላህ ይቀበልሽ ልጄ" አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አየሽ እህትሽን? እንደሷ ሁኚ።"

እንደሷ ልሆን ሞከርኩ። ግንባሬን ደፍቼ ቆጠርኩ፤ መቶ ሳልደርስ ደም ወደ ጭንቅላቴ ወርዶ ተነሳሁ። እህቴ ቅድስት ሆናለች ብዬ አመንኩ።

ሁሉን የገለጠው የእኔ ጨዋታ ነው። ባዶዎቹን ቡናማ ጠርሙሶች ሃያት ስትጥላቸው እየለቀምኩ አስቀምጣቸው ነበር። በረንዳው ላይ እደረድራቸውና ውሃ በአበባ ቅጠል አቅልሜ እሞላቸዋለሁ፤ ከዚያ ኪኩቦ ገበያ ያለሁ ጅምላ ሻጭ እሆናለሁ። አንድ እሁድ ይህን ስጫወት የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘይነባ፣ ትልቅ ፍሬ በፌስታል አንጠልጥለው ደረጃውን ወጡ። አክስቴ እውነተኛ የኪኩቦ ነጋዴ ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ሸክም የተሸከሙት ወጣቶች እንኳ እሳቸው ሲመጡ መንገድ ይለቃሉ ይባል ነበር። አባቴን በልጅነቱ ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ እሱም "እርስዎ" ነው የሚላቸው።

"እመቤት፣ ገበያ እንዴት ነው?" አሉኝ ጎንበስ ብለው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።"

"እስቲ አንዱን አሳይኝ።" ጠርሙሱን አነሱት። አሸተቱት። ሌላውን አነሱ። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ሆነ። በጣታቸው ሁሉንም አንድ በአንድ ነኩ። አስራ ዘጠኝ ነበሩ።

"ይህን ሁሉ ዕቃ ማነው የሚያመጣልሽ?"

"ሃያት!" አልኩ በኩራት። "ሳል ነው የያዛት። እኔ ነኝ መድኃኒት የምገዛላት፤ ለእማ ግን አንነግራትም።"

አክስቴ ፍሬውን መሬት ላይ አስቀመጡትና አጠገቤ ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"እህትሽ ታማለች" አሉ። "እዚህ ላይ ልክ ነሽ። መድኃኒቱ ነው ሌላ የሆነው። ከዛሬ ጀምሮ ብትልክሽም አትሄጂም። እሺ የኔ ልጅ?"

ወደ ውስጥ ሲገቡ ተከተልኳቸው። ሃያት መስገጃው ላይ ናት፤ ግንባሯ ተደፍቷል። አክስቴ ጎኗ ተቀምጠው ጠበቁ። ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ከዚያ መዳፋቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ።

"ሃያትዬ፣ ተነሺ። ይህ ሰላት አይደለም፤ እንቅልፍ ነው።"

ሃያት ቀና አለች። የመስገጃው ጥለት ግንባሯ ላይ ታትሟል። "ምን ሆንኩ?" አለች።

"አውቄያለሁ ልጄ። አልቆጣሽም።"

"ምኑን ነው የሚያውቁት?" ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ፤ በረንዳው ላይ የተደረደሩትንም አየች። "ወሬኛ!" ብላ ጮኸችብኝ። እህቴ እንደዚያ ጮኻብኝ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ነው አክስቴ ጭን ላይ ተደፍታ ያለቀሰችው። እኔ የማለቅስበት ጭን ስላጣሁ በረንዳ ወጥቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

አባቴ ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም። "ይህች ልጅ? ሰላት የማይበቃት ልጅ?" አለ። ሲያምን ደግሞ ባሰ። ቀበቶውን ፈታ፤ እናቴ መሀል ገባች። "እንግዲያው ሰው ሳይሰማ ኮምቦልቻ እልካታለሁ" አለ። ዋናው ነገር ሰው አለመስማቱ ነበር። በዚያ ሠፈር ወሬ ከአዛን ቀድሞ ይዳረሳል።

"የትም አትሄድም" አሉ አክስቴ። "ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው። ዕረፍቱን እኔ ጋ ታሳልፋለች። ትንሿም ትምጣ።"

"ሱቅዎን ማን ይጠብቃል?"

"ሱቁ ይጠብቀኛል። ልጅቷ ግን አትጠብቀኝም።"

አክስቴ የሚኖሩት ሙየንጋ የሚባል ኮረብታ ላይ ነው፤ በአንድ ትልቅ ቪላ ጓሮ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው። ከበሩ ወጣ ሲሉ ከኮረብታው በታች ሐይቁ ይታያል። ከሁሉ አስቀድመው ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዱን። ያገኘችን ነርስ ናምቢ ትባላለች፤ የወንድ ጫማ የምታደርግ፣ ስትስቅ ወንበሯ የሚንቀጠቀጥ ሴት። ስለ ሕመሙ በእንግሊዝኛ መናገር ስትጀምር ሃያት እንደ ልማዷ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረች። "ሽሮፑ ውስጥ ያለው ነገር ሰውነትን ያስለምዳል ትላለች። ልጅቷ... እ... ልጅቷ በአንድ ጊዜ ብታቆም ትሠቃያለች፣ ስለዚህ ሐኪም ያያታል ትላለች።" ስለ ራሷ የሚባለውን ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ አድርጋ ነበር የምትተረጉመው።

ነርሷ እጇን አነሳች። "ቆይ፤ ቤታችሁ ሁልጊዜ የምትተረጉሚው አንቺ ነሽ?"

ሃያት ራሷን ነቀነቀች።

"ዛሬ አትተረጉሚም። ዛሬ ታማሚዋ አንቺ ነሽ።"

አክስቴ ወንበራቸውን ወደ ነርሷ ሳቡና በገበያ ሉጋንዳቸው ማውራት ጀመሩ። ሁለቱ ሴቶች በእጅም በአፍም ሲግባቡ ሃያት መሀል ተቀምጣ ሥራ እንደፈታ ሰው እጆቿን አየቻቸው። ነርሷ ቆየት ብላ፣ "ስትጠጪው ምን ይልሻል?" አለቻት።

"ዝም ይላል" አለች ሃያት። "ሁሉም ነገር ዝም ይላል። አከራዩም፣ አባቴም፣ አስተማሪዎቹም። የሁሉንም ቃል እኔ ነኝ የምሸከመው።"

አክስቴ ያን ቀን በታክሲ ስንመለስ የሃያትን እጅ እስክንወርድ አልለቀቁም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። ሐኪሙ ያዘዘላት ነገር ነበር፤ ነርስ ናምቢም በየሁለት ቀኑ እየመጣች ታያታለች። ያም ሆኖ ሃያት ታዛጋለች፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ እግሯ አልጋው ውስጥ አያርፍም። እኔ ተደናገርኩ። መድኃኒት ስትጠጣ ደህና የነበረች ልጅ አሁን ታመመች። "ለምን ሽሮፑን አይሰጧትም?" ብዬ አክስቴን በቁጣ ጠየቅኳቸው።

አክስቴ ማቶኬ፣ የሚቀቀለውን አረንጓዴ ሙዝ፣ እየላጡ ነበር። "ሽሮፑ ነው እንዲህ ያደረጋት። ሲለቃት እየጎተታት ነው። እኛ ከዚህ በኩል እንይዛታለን።"

ሥራም ሰጡኝ። "አጠገቧ ሁኚ" አሉኝ። እኔ የፖሊስነት ሹመት መሰለኝ። ሃያት ስትነሳ እነሳለሁ፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይ እቆማለሁ፣ በቀኑ መጨረሻ ለአክስቴ ሪፖርት አቀርባለሁ። "ሁለት ጊዜ በሩን አየች። አንድ ጊዜ ትራሱን መታችው።" በሦስተኛው ቀን አክስቴ አቋረጡኝ።

"ሴሚ፣ ሰልይ አልኩሽ?"

"አጠገቧ ሁኚ ነው ያሉኝ።"

"አጠገቧ መሆን መሰለል ነው? ካርታ ተጫወቱ። እግሯን እሺላት። ዝም ካለች አብረሽ ዝም በይ።"

ከዚያ በኋላ እግሯን አሽላት ነበር። በአስረኛው ቀን ገደማ በላች፤ አክስቴ የገዙትን ፍሬ በእጇ ቦጫጭቃ፣ ጣቷን እየላሰች። ሳቀችም። ጠዋት ጠዋት ሦስታችን እስከ ኮረብታው ጫፍ እየሄድን እንመለሳለን። በአጥሩ ላይ የሚያርፉትን ትላልቅ መላጣ ወፎች ሃያት በአከራያችን ስም ትጠራቸው ጀመር።

ዳነች ብለን ነበር። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ኪኩቦ የመጣ ዕቃ ሊቀበሉ ወጡ። ሃያት እጄን ያዘች።

"ሴሚዬ፣ አንድ ብቻ። ለመጨረሻ ጊዜ። ወላሂ ለመጨረሻ ጊዜ።"

"አክስቴ አትሂጂ ብለውኛል።"

"አትወጂኝም ማለት ነው።"

ሄድኩ። ይህን እስካሁን እንደ ድንጋይ ይዤዋለሁ። አውቄ ሄድኩ፤ በፊት ሳላውቅ ነበር፣ ያን ቀን ግን እያወቅኩ ከኮረብታው ወርጄ ገዛሁላት። የሙየንጋውም ሰውዬ ማነው የታመመው አላለኝም። አክስቴ ሲመለሱ ሃያት ዓይኗ ተከድኖ፣ እኔ አልጋ ሥር ገብቼ አገኙን።

ጎትተው አወጡኝ። "ገደልኳት?" አልኳቸው።

"አልገደልሻትም። ልጅ ነሽ፤ ወደድሻት። ይህን ሸክም አንቺ ላይ መጣል አልነበረብኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉና ፊቴን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ነርስ ናምቢን ጠሩ። ናምቢ መጥታ ሃያትን መረመረች፣ ሰዓታት አብራት ቆየች። ስትወጣ አክስቴን፣ "ብዙዎቹ ይወድቃሉ። ዋናው ከወደቁ በኋላ ማን አጠገባቸው እንዳለ ነው" አለቻቸው። አክስቴ ይህን ለእኔም ለሃያትም አማርኛ አድርገው ነገሩን።

በማግስቱ አባቴ መጣ። እናቴ በስልክ ሰምታ ነግራው ነበር።

"በቃ!" አለ ቁጭ ሳይል። "ሞከሩ፣ አልሆነም። እሁድ ትሄዳለች።"

"ተቀመጥ ሁሴን።"

"አልቀመጥም!"

"ሰይድን ታስታውሰዋለህ?" አሉ አክስቴ።

ሰይድ የሚባል ስም በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም ነበር።

"ወንድማችን ሲጠጣ አባታችን ምን አደረገ? ሰው ሳይሰማ ብሎ አሳይታ አጎታችን ዘንድ ላከው። አንተ ገና ልጅ ነበርክ፤ አውቶቡሱን እየሮጥክ ተከተልከው። ሁለት ዓመት ስሙን ሳንጠራ ኖርን። ከዚያ መርዶው መጣ። ማን ታቅፎት እንደሞተ እንኳ እስከ ዛሬ አናውቅም።" የአክስቴ ድምፅ አልጨመረም። "እኔ አንድ ልጅ በአውቶቡስ ሸኝቻለሁ። ሁለተኛ አልሸኝም።"

አባቴ ተቀመጠ። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ተነሳና ሃያት ወዳለችበት ክፍል ገባ፤ በሩን አልዘጋውም። አልጋዋ አጠገብ መሬት ላይ ሲቀመጥ አየሁት። "የአከራዩን ስድብ እኮ አንቺ ነበርሽ የምትሰሚው" አላት። "እኔ የደረሰኝ አንቺ ካለሰለስሽው በኋላ ነበር።" ሃያት እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ ትከሻው ላይ አደረገች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ በቦዳ፣ እየመጣ ከእኛ ጋር እስከ ኮረብታው ጫፍ ይሄድ ነበር። ሃያት በአንድ ጊዜ አልዳነችም። ከዚያም በኋላ አንዴ ወድቃ ተነስታለች፤ ነርስ ናምቢ ጋም ለረጅም ጊዜ ሄዳለች። ግን ያ ዕረፍት ሲያልቅ ፊቷ ፊቷን መስሎ ነበር። ክፍሉን ልትደግም ተመዘገበች።

ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ ወደ ኦልድ ካምፓላ ከመመለሳችን በፊት፣ ሃያት ምሳ ላይ አባቴ ባለበት ተናገረች።

"ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሰባት መድኃኒት ቤት አለ። ሁሉም ያውቁኛል። በየቀኑ ሰባቱንም እያየሁ ማለፍ አልችልም።"

"መንገድ እንቀይራለን" አለ አባቴ።

"በየትኛውም መንገድ አለ አባ። ገብቼ እነግራቸዋለሁ። እንዳይሸጡልኝ።"

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። መድኃኒት ቤቶቹ የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚገባባቸው መሆናቸውን እያሰበ እንደነበር አሁን ይገባኛል። "አብረን እንሄዳለን" አለ።

አራታችን ሄድን። በመጀመሪያው ሱቅ፣ ያ ጣቴን አይቶ የሚሸጥልኝ ሰውዬ ባለበት፣ አክስቴ እኔን አንስተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡኝ። "ይህችን አሁን በደንብ እያት" አሉት በሉጋንዳ። "ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለማን ነው ብለህ ጠይቀሃታል?" ሰውየው፣ "ኛቦ፣ እመቤቴ፣ እኔ ሻጭ ነኝ" ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሃያት ቀረብ አለች። "ፊቴን አስታውሰው" አለችው። "ነገ መጥቼ ብለምንህ፣ ባለቅስብህም፣ አትሽጥልኝ።" ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ካፈረ በኋላ ቃሉን ይጠብቅ አይጠብቅ አላውቅም፤ ሃያት ግን ስትወጣ ትከሻዋ ቀጥ ብሎ ነበር።

አንዱ ሳቀባት። አንዷ አቀፈቻት። አንዱ የሱቄን ስም ታጠፋላችሁ ብሎ ሊያስወጣን ሲል አክስቴ ከበሩ አልነቃነቅ አሉት። ስድስት ሱቅ እንዲህ ሄደ።

ሰባተኛው ከሱቃችን ፊት ለፊት ነው። ሃያት በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ውስጥ ሐጂ ሙክታር ነበሩ፤ ብርድ ልብስ የሚያስመጡ፣ የጅማ ሰው፣ በመስጊድ ከፊተኛው ሰልፍ የማይጠፉ። ለወገባቸው ቅባት እየገዙ ነበር። ሃያት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

አባቴ አለፋትና ገባ። ለሐጂ ሰላምታ ሰጠ፤ ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ያለ ሃያት ከባዕድ ሰው ጋር ሲያወራ ሰማሁት። ሉጋንዳውም እንግሊዝኛውም የተሰባበረ ነበር።

"እኔ አባት" አለ ደረቱን ነክቶ። "እሷ ልጅ የኔ። ታመመች፣ ሽሮፕ። አሁን ነርስ አለ፣ እየዳነች። ለምና ብትመጣ፣ አይሸጥ። አይሸጥ! ገባህ?"

ሻጩ ገባኝ አለ። ሐጂ ሙክታር የቅባቱን ዕቃ ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። አባቴ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወጣ። መንገዱን ልንሻገር ስንል ሐጂ ከኋላችን ጠሩን።

"ሁሴን! ቆይ እስቲ።"

አባቴ ቆመ። የሚመጣውን ነገር ሊቀበል ትከሻውን ሲያጠነክር እጄን በያዘው እጁ ተሰማኝ። ሐጂ ደረሱብን። አባቴን አላዩትም፤ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

"ነርስ አለች ያልከው..." አሉ። "የእኔ ትልቁ ልጅ። ሦስት ወር ሆነው። አይበላም፣ ከክፍሉ አይወጣም፣ ቁጣ ነው፣ እንቅልፍ ነው። እናቱ ዓይን ነው ትላለች። የት ናት ነርሷ?"

አባቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሃያት ቀደመችው።

"ነገ ጠዋት ይዘውት ይምጡ ሐጂ፤ አብረን እንሄዳለን" አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ጨመረች። "ስለ እሱ ግን እኔ አልናገርም፤ እርስዎም አይናገሩለት። ራሱ ይናገር። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።"